እስከ ጣሪያ የደረሰው ፕላካር

ፕላካሩን ያሠራሁት እኔ ነኝ፤ በማንም አላሳብብም። ጅቡቲ ውስጥ የማጀት ቁምሳጥንን ሀበሻውም ሶማሌውም በፈረንሳይኛ ስሙ ፕላካር ነው የሚለው፤ እኔም ለምጄዋለሁ። ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር የተከራየናት ቤት ሁለት ክፍል ናት። ማጀቷን ማጀት ብዬ ስጠራት ራሴንም ያስቀኛል። አንድ ሰው ምድጃው ፊት ከቆመ ሌላው በር ላይ ቆሞ ተራ መጠበቅ አለበት።

እንዲህ ባለች ማጀት ውስጥ የእኛን ዓይነት ቤተሰብ እህል ማስቀመጥ መከራ ነው። እዚህ ያለ ሀበሻ የዕለት የዕለቱን ከሱቅ ገዝቶ አይበላም። ሽሮው፣ በርበሬው፣ ጤፉ፣ የአጃ ዱቄቱ ከአገር ቤት በከባድ መኪና ሾፌር እጅ ነው የሚመጣው። ሾፌሩ ደግሞ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲጠፋ ይጠፋል። ስለዚህ ሲገኝ በጆንያ ነው። በዚያ ላይ ጅቡቲ ዝናብ የለም የለም ይባልና አንድ ቀን የጣለ እንደሆነ ውሃው መሄጃ አጥቶ ቤት ይገባል። አንድ ጊዜ እንዲሁ ገብቶ ሙሉ ጆንያ ጤፍ አበላሽቶብን ሄደ። ባለቤቴ አለቀሰች። እኔ ተናደድኩ፤ ስናደድ ደግሞ አንድ ነገር ካልሠራሁ አይወጣልኝም።

ወደ ጎን ቦታ ከሌለ ወደ ላይ አለ አልኩ። ይቺን አባባሌን ስንት ሰው ፊት እንደደጋገምኳት! አንድ የመናዊ አናጺ አመጣሁና ግድግዳውን ከወለል እስከ ጣሪያ በፕላካር እንዲሸፍንልኝ አዘዝኩት። የላይኞቹ መደርደሪያዎች የት ድረስ ይሁኑ ብሎ ሲጠይቀኝ ሜትር አላወጣሁም። ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ፣ እጄን ሽቅብ ዘረጋሁና «እዚህ ድረስ» አልኩት። እሱም በእርሳሱ ምልክት አደረገ። እኔ ከሰፈሩ ወንዶች በአንድ ራስ የምበልጥ ሰው ነኝ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። ምን እንዳለች አላስታውስም። ምናልባት ምንም አላለች ይሆናል፤ ምናልባትም ብላ አልሰማኋት ይሆናል።

ሲያልቅ ያምር ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ነጭ ቀለም አስቀባሁት። ዕቃውንም የደረደርኩት ራሴ ነኝ። ውሃ ቢገባ አይነካውም ብዬ እህሉን ሁሉ ከላይ፣ ትልልቆቹን ድስቶች ከእህሉ አጠገብ ሰቀልኩ። ከታች ባለው ሰፊ ቦታ የመፍቻ ሣጥኔን፣ አሮጌ የመኪና ባትሪና «አንድ ቀን ያስፈልግ ይሆናል» የምለውን ባዶ ካርቶን ሁሉ አጨቅኩበት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከተቀመጠበት አስነስቼ ማጀት ድረስ እወስደዋለሁ፣ በሮቹን ከፈት ዘጋ እያደረግኩ አሳየዋለሁ። ሰውም ያደንቃል፤ አድናቆት ደግሞ የሚጠላ የለም።

እንግዳ ከሌለ ግን ማጀት ገብቼ አላውቅም። ምን ልሠራ? ያደግኩት ወንድ ልጅ ምድጃ አጠገብ ከተገኘ «ሴታ ሴት» እየተባለ በሚሰደብበት ቤት ነው። የማልገባበትን ክፍል በራሴ ቁመት ልክ ማሠራቴን ያኔ ነገሬም አላልኩት። አሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ስንት ዓመት ጠብቀን፣ ስንት ደጅ ጠንተን ባለቤቴ አረገዘች። የደስታዬን ነገር ባወራው አያልቅም። ሙቀቱ እንዳይጎዳት ቬንቲሌተር ገዛሁ፣ ወገቤን ስትል የሚቀባ ዘይት ገዛሁ፣ ሐኪም ቤት ራሴ አመላለስኳት። እኔን የመሰለ ባል የለም ብዬ ለራሴ የምነግርበት ጊዜ ነበር። በመጨረሻ በቀዶ ጥገና ወንድ ልጅ ተገላገለች። ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳታነሳ፣ እንዳትንጠራራ አጥብቆ ነገረን። አማቴ አራስ ልጃቸውን ሊንከባከቡ ከአገር ቤት በባቡር መጡ።

አማቴ አጭር፣ ቀጭን፣ ቁጭ ማለት የማያውቁ ሴት ናቸው። ባለቤቴ ቁርጥ እሳቸውን ነው የምትመስለው። እሳቸው ባደጉበትም እኔ ባደግኩበትም አገር አማትና አማች እንዲህ በዋዛ አይቀራረቡም። እኔ ስገባ ነጠላቸውን እስከ አፋቸው ይሸፋፈናሉ። እኔ ፊት ጉርሻ አይውጡም። እኔም በር ላይ ስደርስ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፣ መሸፋፈኛ ጊዜ እንዲያገኙ። የምንነጋገረው በባለቤቴ በኩል ነው። «ሻይ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቂው» ይላሉ፤ እኔ እዚያው ተቀምጬ እየሰማሁ። እኔም ለባለቤቴ «እግዜር ይስጥልኝ በያቸው» እላለሁ። ጎረቤቶቻችን ቢያዩን ሳቃቸው አያባራም ነበር። ለእኛ ግን መከባበር ነው፤ በዚህም እኮራ ነበር።

ቤቱ ሞላ። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የሕፃኑ ገላ፣ ልብሱ፤ አማቴ ሁሉንም ለብቻቸው ይወጡታል። ሙቀቱ ሲበረታባቸው እንኳ ቁጭ አይሉም። እኔ ደግሞ ከሥራ ስመለስ ልጄን ታቅፌ ጣቴን አስይዘዋለሁ። ጭብጥ አድርጎ ሲይዛት ጅቡቲም ሙቀቱም ሥራውም ይጠፋብኛል።

አንድ ቀን ጠዋት ዶራሌ ወደብ በር ላይ ስደርስ ባጄን ረስቼ መጥቻለሁ። የምሠራው ትራንዚት ቤት ነው፤ ጠባቂው ደግሞ የገዛ ወንድምህ ቢሆን ያለ ባጅ አያሳልፍህም። ራሴን እየረገምኩ ታክሲ ይዤ ተመለስኩ። ከጥድፊያዬ የተነሳ ጉሮሮዬን ሳልጠርግ ቤቱን ከፍቼ ዘው አልኩ። ባጁ የሚሰቀለው ማጀቱ በር አጠገብ ካለች ምስማር ላይ ነው፤ ወደዚያው ሄድኩ።

አማቴ የጋዝ ሲሊንደር ላይ ቆመዋል። ነጠላ የለ፣ ምን የለ። ሻሻቸው ትከሻቸው ላይ ወርዶ ሽበታቸው ተበትኗል። ቀሚሳቸው እንዳይጠልፋቸው እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ጫፉን በጥርሳቸው ነክሰውታል። በአንድ እጃቸው የመደርደሪያውን ጠርዝ ጨብጠው በሌላው በመጥረጊያ እንጨት የአጃ ዱቄቱን ከረጢት ወደ ራሳቸው ይስባሉ። ሲሊንደሩ ይወዛወዛል።

ዞር ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

ቀሚሱ ከጥርሳቸው ወደቀ። መጥረጊያውን ለቀቁና ፊታቸውን ሸፈኑ፤ የሸፈኑት በሁለት እጃቸው ነው፣ ጠርዙን የያዙበትንም ለቀው። እኔስ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሮጬ እንደመያዝ፣ ፊቴን አዞርኩ፣ ባጄን ከምስማሩ መንጭቄ ወጣሁ። በሩንም ቀስ አድርጌ ዘጋሁት። ጨዋ ነኛ! አንዲት አሮጊት በሚወዛወዝ ሲሊንደር ላይ ቆመው እያሉ እኔ በጨዋነት በር ዘጋሁ።

ያን ቀን ዶራሌ ላይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። መኪኖቹ እንደ ወትሮው ተሰልፈው ያጓራሉ፣ ሾፌሮቹ ወረቀታቸውን ይዘው ይጨቀጭቁኛል፣ እኔ ግን አንዱንም አልሰማም። የአማቴን ጉልበት አየሁ፣ ጸጉራቸውን ገልጠው አየኋቸው፣ ከእንግዲህ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ እያልኩ ነበር የምብሰለሰለው። ወድቀው ይሆን ወይ የሚለው እንኳ ትዝ ያለኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ትዝ ሲለኝም አልደወልኩም፤ ደውዬ ምን ልል ነው ብዬ።

ምሳ ሰዓት ላይ ስመለስ ሰፈሩ እስኪሰማ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። አልወደቁም ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ሕፃኑን ሲያባብሉት ሰማሁና ነፍሴ መለስ አለች። ምሳዬ ቀርቦ ቆየኝ። ባለቤቴ ስለ ነገሩ ምንም አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም፤ ዝም ካልነው ያልፋል ብዬ ነበር።

በማግስቱ ግን ብልጠቴ መጣ። ገበያ ወረድኩና አንድ የፕላስቲክ መቆሚያ በርጩማ ገዛሁ፣ ጠንካራውን መርጬ። አማቴ መኝታ ቤት ሲገቡ ጠብቄ ማጀቱ ውስጥ ምንም እንዳልተፈጠረ አስቀመጥኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ባለቤቴ ስታየው ግንባሯን ያዘች። እሷ እንዳላየሃት ሆና ልትኖር እየሞከረች፣ አንተ አይቼዎታለሁ ብለህ ዕቃ ገዝተህ ታስቀምጣለህ ብላ ወቀሰችኝ። አማቴ በርጩማውን በጨርቅ ወልውለው ወደ መኝታ ቤት ወሰዱት፣ የሕፃኑን ልብስ አጣጥፈው ደረደሩበት። እግራቸውን ግን አላሳረፉበትም።

ከዚያ በኋላ ነው መልእክቱ የመጣው፤ እንደ ተለመደው በባለቤቴ በኩል። «የቀዶ ጥገናው ቁስል እንደሻረ እናቴ እኔንና ልጁን ይዛን ልትሄድ ነው» አለችኝ። ክርስትናውም እዚያው አገር ቤት ይሆናል ተባለ። እስከ መቼ ስላት እኔ እንጃ አለች።

ሰማይ ተደፋብኝ። እዚህ የምንኖር ሰዎች ይህን ነገር እናውቀዋለን። ሚስትህ ሕፃን ታቅፋ አገር ቤት ከገባች መጀመሪያ ሙቀቱ ይለፍ ይባላል። ሙቀቱ ሲያልፍ ልጁ ጥርስ ያብቅል ይባላል፣ ከዚያ በእግሩ ይሂድ ይባላል። አብረውኝ ከሚሠሩት መካከል ልጁ አባቱን በስልክ ብቻ የሚያውቀው አለ። ሕፃኑ ስልኩን «አባዬ» ብሎ ይስመዋል እያለ ሲነግረን ስቀንበታል፣ እሱም ስቋል። ያን ያህል ዓመት የጠበቅኩት ልጅ እኔንም በስልክ ሊያውቀኝ ነው።

እንደ ልማዴ ተቆጣሁ። በአንዲት እይታ ምክንያት ትዳር ይበተናል ወይ፣ ፈልጌ ነው ወይ ያየሁት እያልኩ ባለቤቴ ላይ ጮኽኩባት። እሷ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «እናቴን ራስህ ጠይቃት» ብላ ፊቷን ወደ ልጁ መለሰች። ሽማግሌ ልላክ ብዬም አሰብኩ። ግን ለሽማግሌ ምን ተብሎ ይነገራል? አማቴን ቀሚሳቸውን ነክሰው አየኋቸው ልበል? ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና ራሴ ሄድኩ።

ከምሳ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ከተማው በሙቀት ጭልጥ ብሎ ይተኛል። አማቴ ከደጅ ጥላው ሥር ሳፋ ፊታቸው አድርገው የሕፃኑን ጨርቅ ያጥባሉ። ፊት ለፊታቸው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፤ ረጅም ሰው ሲቀመጥ እንኳ ማነስ ያቅተዋል። የተዘጋጀሁበትን ሁሉ ተናገርኩ። እንደ እናቴ እንደማከብራቸው፣ ሆን ብዬ እንዳላየሁ፣ ያየሁትንም እንደረሳሁት፣ በርጩማውንም በክፋት እንዳልገዛሁት። በዚህ ቅር ተሰኝተው ከሆነ እግርዎን ልሳም፣ ልጄን ግን አይውሰዱብኝ አልኳቸው። እስክጨርስ ጨርቁን ይጨምቁ ነበር። ከዚያ እጃቸውን በቀሚሳቸው አደረቁና ቀና አሉ። ነጠላቸውን አልሳቡም። ፊታቸውን እንዲያ በደንብ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«ስላየኸኝ የምሄድ መሰለህ?» አሉ። «እኔ አሮጊት ነኝ፤ ጉልበቴን ብታየው ምን ይጎድልብኛል። ለመሆኑ እዚያ ላይ መውጣቱን ማን ያስተማረኝ ይመስልሃል?»

በአገጫቸው ወደ ማጀቱ ጠቆም አደረጉ።

«የመጣሁ ዕለት ልጄን ጠየቅኳት። ይኼን እህል እንዴት ነው የምታወርጂው አልኳት። ሲሊንደሩን ወደ ግድግዳው ጎትቺ፣ ቀሚስሽን ንከሺ፣ በመጥረጊያው እንጨት ሳቢው አለችኝ። እስክትወልድ ድረስ እንደዚያ ስታደርግ ነው የከረመችው። ሆዷ ገፍቶ አላስጠጋት ሲል በጎኗ ዞራ ትወጣ ነበር። ይኼን እየሳቀች ነው የነገረችኝ።»

አንድ ጨርቅ አነሱና መልሰው ሳፋው ውስጥ ጣሉት።

«ያኔም ዝም አልኩ። ባሏ አላየ ይሆናል፣ ቢያይ አያስችለውም አልኩ። አንተ ግን እኔን እዚያ ላይ ቆሜ አየኸኝ፣ አይተህ በሩን ዘግተህ ሄድክ። አይቶ የሚሄድ ሰው ጋ ልጄን ከነሕፃኗ ጥዬ አልሄድም።»

ጨርቁን ማሸት ቀጠሉ። ተነሥቼ ወደ ውስጥ ገባሁ። ባለቤቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ታጠባለች። እውነት ነው ወይ አልኳት፣ እርጉዝ ሆነሽ እዚያ ላይ ትወጪ ነበር ወይ። ብትቆጣኝ በወደድኩ። ልጁን ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው አዛወረችና ገረም ብሏት አየችኝ።

«ታዲያ ማን ያወርድልኝ ነበር?» አለች።

በነገር ልትወጋኝ አልነበረም። የእውነት ነው የጠየቀችው። ይኼን ያህል ዓመት አብረን ስንኖር፣ ተነሥቼ እጄን ከፍ አድርጌ አንድ ከረጢት ላወርድላት እንደምችል ለእሷም ትዝ ብሏት አያውቅም። እንዲህ አድርጌ ነው ያስለመድኳት።

የባሰው ግን ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። እዚያው እንደቆምኩ አንድ ድምፅ ትዝ አለኝ፤ ብረት ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት የሚያሰማው ጭርርር የሚል ድምፅ። በየቀኑ ሰምቼዋለሁ። ከሥራ መጥቼ ቬንቲሌተሩ ሥር ጋደም እላለሁ፣ ከግድግዳው ወዲያ ያ ድምፅ ይሰማል። ምንድን ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ድምፁን ስሰማ ምሳ ሊደርስ ነው እል ነበር፣ ደስም ይለኝ ነበር። አንድ ቀንማ ቴሌቪዥኑን አላሰማ ብሎኝ ቀስ በይ እንጂ ብያታለሁ። እሺ ብላኝ ነበር።

በማግስቱ ሥራ አልሄድኩም። ማጀት ገባሁና ከላይ ያለውን ሁሉ አወረድኩ፤ እህሉን፣ ድስቱን፣ ሁሉን። ባትሪውንና ካርቶኖቹን አውጥቼ ጣልኩ። ከሁሉም የከበደኝ ነገሩ ጊዜ አለመፍጀቱ ነው፤ ቁርስ ሳይደርስ ጨረስኩ። አማቴ በር ላይ መጥተው አዩኝና ገንፎአቸውን ሊሠሩ ገቡ። ይህን ያደረግኩት እንዲቀሩ ለመለማመጥ አልነበረም። አትሂዱ ለማለት አፌ አልከፈት ብሎ ነው።

ቁስሏ ሲሽር ሄዱ። ሻንጣውን ተሸክሜ እስከ ባቡሩ ሸኘኋቸው። አማቴ ገብተው ሕፃኑን ተቀበሉኝ፤ ስሰጣቸው ጣቴን ጨብጦ ስለነበር በቀስታ ማላቀቅ ነበረብኝ። ባለቤቴ በመስኮቱ በኩል ምን እንደምበላ ትነግረኛለች፤ ሽሮውን በምን ያህል ውሃ እንደምበጠብጥ፣ እሳቱን መቼ እንደምቀንስ። እኔ እሺ፣ እሺ እላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፤ መቼ ትመለሻለሽ ብዬ። ባቡሩ እስኪነሳ እሺ ስል ቆየሁ፤ ያንን ለመጠየቅ ፊት አልነበረኝም።